ጉድጓዱን ማን ማሰው? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበርና የሁለቱ ፓርቲዎች ቂም

(ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1986 የአሜሪካ ሴኔት የአንቶኒን ስካሊያን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ሹመት 98 ለ 0 በሆነ ድምፅ አጸደቀ። ስካሊያ የለየላቸው ወግ አጥባቂ መሆናቸውን የማያውቅ ሴናተር አልነበረም። ያም ሆኖ አንድም ዴሞክራት አልተቃወማቸውም።

በፌብሩዋሪ 2016 ስካሊያ ሞቱ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በምትካቸው ሜሪክ ጋርላንድን አጩ። ጋርላንድ የዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ነበሩ። ሴኔቱን የያዙት ሪፐብሊካኖች ግን ዕጩውን አልጣሏቸውም፤ አላጸደቋቸውምም። ለጥያቄ እንኳ ሳይጠሯቸው 293 ቀናት አለፉና ዕጩነታቸው ጊዜው አበቃ።

ወንበሩ ያው አንድ ወንበር ነው። ሕገ መንግሥቱም በእነዚህ 30 ዓመታት ውስጥ በዚህ ጉዳይ ላይ አንዲት ቃል አልተለወጠችበትም። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

▪️ ሕጉ የማይናገረው

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ዳኞች ሹመት የሚለው ጥቂት ነው። ፕሬዚዳንቱ ያጫል፤ በሴኔቱ ምክርና ፈቃድ ይሾማል። የሴኔቱ ፈቃድ በስንት ድምፅ እንደሚገኝ፣ በስንት ቀን ውስጥ መልስ መሰጠት እንዳለበት፣ ዕጩው ለጥያቄ ይቅረብ አይቅረብ አይናገርም። የዳኞቹን ቁጥር እንኳ አይወስንም። ዛሬ የምናውቀው 9 የሚለው ቁጥር የመጣው ኮንግረስ በ1869 ካወጣው ተራ ሕግ ነው።

ቀሪው በሙሉ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ የሚኖረው ሁለቱም ወገኖች እስካከበሩት ድረስ ብቻ ነው። የዚህ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፦ ሕግ የጣሰ ማንም የለም፤ ልማዱን ግን ሁሉም በየተራው ጥሷል።

▪️ ድሮም ንጹህ አልነበረም

አንዳንዶች ይህን ጠብ የትናንት ያስመስሉታል። አይደለም። በ1795 ጆርጅ ዋሽንግተን ራሳቸው ለዋና ዳኝነት ያጯቸውን ጆን ራትሌጅን ሴኔቱ 14 ለ 10 ጥሏቸዋል። ዋናው ምክንያት ከብሪታኒያ ጋር የተፈረመውን የጄይ ስምምነት በአደባባይ ማውገዛቸው ነበር። በ1866 ኮንግረስ ከፕሬዚዳንት አንድሪው ጆንሰን ጋር ሲጣላ፣ ዳኛ በሞተ ወይም በለቀቀ ቁጥር ወንበሩ እየታጠፈ ቁጥሩ ወደ 7 እንዲወርድ ደነገገ። ዓላማው ጆንሰን አንድም ሰው እንዳይሾም ነበር። ጆንሰን በሄዱ ጊዜ ቁጥሩ ወደ 9 ተመለሰ። በ1916 የመጀመሪያው አይሁዳዊ ዕጩ ሉዊስ ብራንዳይስ ለመጽደቅ አራት ወር ፈጅቶባቸዋል።

ጠብ ድሮም ነበረ ማለት ነው። ድሮ የነበረው ሌላ ነገር ግን ዛሬ ጠፍቷል፤ እሱን ለማየት 1937ን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት ያን ጊዜ ኃይላቸው ጣሪያ ነክቶ ነበር። ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸንፈው፣ ሴኔቱን ፓርቲያቸው በሰፊ ብልጫ ይዞላቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ የኢኮኖሚ ሕጎቻቸውን እየሻረ ስላስቸገራቸው፣ ዕድሜው ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዳኛ አንድ ተጨማሪ ዳኛ፣ በጠቅላላው እስከ 6 ሰው ለመሾም ሕግ አቀረቡ። ድምፁ ነበራቸው። ሕገ መንግሥቱም አይከለክላቸውም። ያስቆማቸው የራሳቸው ፓርቲ ነው። ዴሞክራቶች የሚበዙበት የሴኔቱ የፍትህ ኮሚቴ ዕቅዱን በጠንካራ ቃል አወገዘው፤ ሴኔቱም 70 ለ 20 በሆነ ድምፅ ወደ ኮሚቴ መልሶ ቀበረው። እርግጥ ፍርድ ቤቱ በመሃሉ አቋሙን ማለሳለሱ ረድቷል። ቢሆንም የገዛ ፕሬዚዳንታቸውን "ይህ አይሆንም" ያሉት የገዛ ሰዎቻቸው ናቸው።

ልጓም ዋጋ የሚኖረው የራስን ፈረስ ሲገታ ነው። የተቃዋሚን ፈረስ መግታትማ ማን ያቅተዋል?

▪️ ቂም ሲጠራቀም

በ1968 ፕሬዚዳንት ሊንዶን ጆንሰን በወንበሩ ላይ ያሉትን ወዳጃቸውን ኤቢ ፎርታስን ዋና ዳኛ ለማድረግ አጩ። ሪፐብሊካኖችና የደቡብ ዴሞክራቶች ተባብረው በፊሊበስተር፣ ማለትም ክርክሩ እንዳይዘጋ በማድረግ ድምፅ የማገድ ስልት፣ ሹመቱን አከሸፉት። ሰበቡ ባዶ አልነበረም፤ ፎርታስ ዳኛ ሆነው ሳለ ፕሬዚዳንቱን ሲያማክሩ ነበር፣ ከነጋዴዎች በተሰበሰበ ገንዘብም ለማስተማር 15,000 ዶላር ተከፍሏቸዋል። ቀጥሎ የመጡት ኒክሰን ያጯቸውን ሁለት የደቡብ ዳኞች ዴሞክራቶች የሚመሩት ሴኔት በተራው ጣላቸው።

በ1973 ፍርድ ቤቱ በሮ እና ዌድ መዝገብ የፅንስ ማቋረጥ መብትን በመላው አገሪቱ ሲያጸና፣ የአንድ ዳኛ ወንበር ክብደት በአንድ ጊዜ ጨመረ። መራጩ ሕዝብ ዳኛን እንደ ፖለቲከኛ ማየት ጀመረ።

ከዚያ 1987 መጣ። ሬገን ሮበርት ቦርክን ባጩ በሰዓታት ውስጥ ሴናተር ቴድ ኬኔዲ ተነስተው፣ የቦርክ አሜሪካ ሴቶች በድብቅ ፅንስ የሚያቋርጡባት፣ ጥቁሮች ተለይተው የሚበሉባት አገር ትሆናለች አሉ። ቦርክ 58 ለ 42 ወደቁ። ስማቸው በእንግሊዝኛ "ዕጩን አጥቅቶ መጣል" የሚል ግሥ እስከመሆን ደረሰ። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን የየራሱ እውነት አለው። ዴሞክራቶች "ተጠይቀው፣ መልሰው፣ ድምፅ ተሰጥቶባቸው ወደቁ፤ 6 ሪፐብሊካኖችም ተቃውመዋቸዋል" ይላሉ። ሪፐብሊካኖች ደግሞ "የአንድን ሊቅ ስም አጠፋችሁ" ይላሉ። የማያከራክረው ትምህርቱ ነው። ከቦርክ በኋላ የመጡ ዕጩዎች የሚያስቡትን በግልጽ መናገር አቆሙ። በ1991 ክላረንስ ቶማስ በአኒታ ሂል የወሲብ ትንኮሳ ክስ መሃል 52 ለ 48 ሲያልፉ ቁስሉ ሰፋ።

▪️ አንድ አካፋ አንተ፣ አንድ አካፋ እኔ

ከ2003 ጀምሮ ዴሞክራቶች የቡሽን የይግባኝ ፍርድ ቤት ዕጩዎች በፊሊበስተር አገዱ። በ2006 ሴናተር ኦባማ በሳሙኤል አሊቶ ላይ ይኸው መሣሪያ እንዲሠራ ድምፅ ሰጡ። ኦባማ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ሪፐብሊካኖች መሣሪያውን በእሳቸው ላይ አዞሩት። በኖቬምበር 2013 የዴሞክራቶች መሪ ሃሪ ሪድ ትዕግሥታቸው አልቆ ደንቡን በተራ አብላጫ ድምፅ ለወጡ። ከጠቅላይ ፍርድ ቤት በስተቀር ለሌሎች ዳኞች 60 ድምፅ ማስፈለጉ ቀረ። የሪፐብሊካኖቹ መሪ ሚች ማኮኔል ያን ዕለት "ትጸጸቱበታላችሁ፤ ምናልባትም ካሰባችሁት ቀድሞ" ሲሉ አስጠነቀቁ።

አባቶች "ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው" ያሉት ይህንኑ ነው። አስገራሚው ግን አስጠንቃቂው ራሱ አካፋውን ማንሳቱ ነው።

ማኮኔል በ2016 የጋርላንድን መንገድ ዘጉ። ማስረጃ ብለው የጠቀሱት ጆ ባይደን በ1992 ሴናተር ሳሉ በምርጫ ዓመት ዕጩ አይቅረብ ሲሉ ያደረጉትን ንግግር ነበር። በ2017 ዴሞክራቶች ኒል ጎርሰችን በፊሊበስተር ሊያግዱ ሲሞክሩ፣ ማኮኔል የሪድን ደንብ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አሰፉት። በ2018 ብሬት ካቫና ከወሲባዊ ጥቃት ክስ ጋር እየተከራከሩ 50 ለ 48 አለፉ።

በ2020 ሩት ቤደር ጊንስበርግ ምርጫው 46 ቀናት ሲቀሩት ሞቱ። ጋርላንድን "ሕዝቡ ይወስን" ብሎ ያስቀረው ሴኔት ኤሚ ኮኒ ባረትን ከምርጫው 8 ቀን በፊት 52 ለ 48 አጸደቀ። አንድም ዴሞክራት አልደገፋቸውም። ማኮኔል "በ2016 ሴኔቱና ዋይት ሀውስ በተለያዩ ፓርቲዎች እጅ ነበሩ፤ አሁን ግን በአንድ እጅ ናቸው" የሚል ማብራሪያ ነበራቸው። ሴናተር ሊንድሲ ግራሃም ግን በ2016 "በመጨረሻው ዓመት ክፍት ቦታ ቢመጣ እኛም እንጠብቃለን፤ ቃሌን መልሳችሁ ጥቀሱብኝ" ብለው ነበር። የባረትን ጥያቄና መልስ በሊቀመንበርነት የመሩት እሳቸው ናቸው።

▪️ ሂሳቡን ማን ከፈለ?

ይህ የዋሽንግተን ሽኩቻ ብቻ አይደለም። በጁን 2018 ፍርድ ቤቱ ሶማሊያን ጨምሮ ከተወሰኑ አገሮች በሚመጡ ሰዎች ላይ የተጣለውን የጉዞ እገዳ 5 ለ 4 አጸና። ከአምስቱ ድምፆች አንዱ የጎርሰች ነበር፣ ማለትም ጋርላንድ ያልተቀመጡበት ወንበር ድምፅ። በሞቃዲሾ ቪዛ የሚጠብቅ ቤተሰብ ስለ ሴኔት ደንብ ሰምቶ አያውቅ ይሆናል፤ ዕጣው ግን የተጻፈው እዚያ ነው። በጁን 2022 ደግሞ በትራምፕ የተሾሙት ሦስቱም ዳኞች የተካተቱበት አብላጫ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ የቆየውን የፅንስ ማቋረጥ መብት ሻረ።

ትልቁ ኪሳራ ግን ከዚህም ያልፋል። ጊንስበርግ በ1993 ያለፉት 96 ለ 3 ነበር። ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን በ2022 ያለፉት 53 ለ 47 ነው። ጃክሰን ከጊንስበርግ ያነሰ የሥራ ልምድ ስላላቸው አይደለም። ሴናተሮቹ መመዘን ትተው መቁጠር ስለጀመሩ ነው። ዳኛው በቆጠራ ከገባ፣ የተረታው ወገን ፍርዱንም እንደ ቆጠራ ያየዋል፤ "ተፈረደብኝ" ሳይሆን "በቁጥር ተበለጥኩ" ይላል። ፍርድ ቤት ደግሞ ጦር የለው፣ ካዝና የለው። ያለው ብቸኛ ነገር የተረታው ሰው "ይሁን" ብሎ ወደ ቤቱ መግባቱ ነው።

በ2021 የተወሰኑ ዴሞክራቶች የዳኞቹን ቁጥር ወደ 13 የሚያሳድግ ረቂቅ አቀረቡ። የራሳቸው አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲ ለድምፅ አላቀረቡትም። የ1937ቱ ልጓም ጭራሽ እንዳልተበጠሰ ማሳያ ይሆናል። በ2024 ባይደን የዳኞች ዘመን በ18 ዓመት እንዲገደብ ሐሳብ ሰጡ፤ እሱም ከሐሳብ አላለፈም።

እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ሁሉም "እነሱ ጀመሩት" የሚል ደረሰኝ በእጁ ይዟል። ደረሰኞቹም አብዛኞቹ እውነተኛ ናቸው። ጉድጓዱን የሚደፍነው ግን ደረሰኝ አይደለም። የሚደፍነው፣ ድምፁ ሞልቶለት ሳለ "መብቴ ነው፤ ግን አላደርገውም" የሚል ባለጊዜ ነው።