ከጨረር ሕክምና በኋላ የሚመጣው ጠባሳ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ለካንሰር የጨረር ሕክምና የሄዱ እናቶችና እህቶች ለረጅም ዘመን የሚያውቁት መንገድ አንድ ነበር፤ እሱም አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል። ሕክምናው በአገራችን የተጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. እዚያው በኮባልት መሣሪያ ሲሆን፣ ከ20 ዓመት በላይ ማዕከሉ ለመላው አገሪቱ ብቸኛ ሆኖ ቆይቷል። ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ ለሳምንታት ቤት ተከራይታ የታከመች ሴት ስትመለስ «ተገላገልኩ» ብትል አይፈረድባትም።

ጨረር ግን ሥራውን ከሕክምናው ጋር አይጨርስም። ሮንትገን ኤክስሬይን በ1895፣ ማሪ ኩሪና ባለቤቷ ፒየር ራዲየምን በ1898 አገኙ። ብዙም ሳይቆይ በጨረር የሚሠሩ ሐኪሞች የእጃቸው ቆዳ ሲደርቅና ሲቆስል አዩ። በኋላም በፓሪስ ክሎድ ሬጎ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ጨረሩን በአንዴ ከመስጠት ይልቅ ለብዙ ቀናት ከፋፍሎ መስጠት ጤናማውን አካል እንደሚያተርፍ አሳዩ። ሕክምናው ዛሬም ሳምንታት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

ቢሆንም ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ አይቀርም። ጨረር ባረፈበት ቦታ ትንንሽ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ሰውነትም ቁስል እንደሚጠግን ጠባሳ ይሠራል። ችግሩ ጠባሳው በጊዜው አለመቆሙ ነው፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሥጋው ይጠነክራል፣ ይኮማተራል። ጡቷን የታከመች ሴት ክንዷን ማንሣት ሊያቅታት፣ ክንዷም ሊያብጥ ይችላል። የማህፀን በሯን የታከመች ደግሞ ብልቷ ሊጠብ፣ ግንኙነት ሊያማት፣ ሽንቷ ቶሎ ቶሎ ሊመጣባት፣ ሰገራዋም ደም ሊቀላቅል ይችላል።

ይህ እርግማን አይደለም፤ ከባሏ የሸሸች ሴት ወግም አይደለም። ሁልጊዜም ካንሰሩ ተመልሷል ማለት አይደለም፤ ያንን መለየት ግን የሐኪም ሥራ ስለሆነ መመርመር ግድ ነው። ቀድሞ ከተያዘ የክንድ እንቅስቃሴም ሆነ ሐኪም የሚያዘው የብልት ማስፋፊያ ብዙ ይረዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ስለዚህ የታከማችሁ እህቶች ጨረሩ የት ቦታና መቼ እንደተሰጣችሁ የሚገልጸውን ወረቀት አትጣሉ፤ ከዓመታት በኋላ ለሚያያችሁ ሐኪም አሳዩት። እኛም እህታችን በተመለሰች ሳምንት «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ብለን መጠየቃችን መልካም ነው፤ ግን በሁለተኛውም፣ በአምስተኛውም ዓመት በሯን እናንኳኳ።