እንዶድና የማረጋገጫው ዋጋ

ከጎንደር ደጋ ወደ ታች አርማጭሆ ቆላ ሲወረድ የምትገኘው የሳንጃ ከተማ ኑሮዋ ከወንዟ ጋር የተያያዘ ነው። ልብስ የሚታጠበው፣ ልጆችም የሚዋኙት በዚያው ውኃ ነው። በውኃው ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ግን የቢልሃርዝያን ተውሳክ በሰውነቷ ታሳድጋለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተሙ ጥናቶች እንደገለጹት፣ በሳንጃ ከተመረመሩት ተማሪዎች ከአሥሩ ከሰባት የሚበልጡት በበሽታው ተይዘው ተገኝተዋል። ይህም የሆነው ቀንድ አውጣን የሚገድል አገር በቀል ተክል በኢትዮጵያ ከታወቀ ከ50 ዓመት በኋላ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብዙም ሳይቆይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው ሙከራ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተመዘገበ። ለተመሳሳይ ሥራ ከውጭ የሚመጣው ኒክሎሳማይድ የተባለው ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን፣ እንዶድ ግን በየአጥሩ ሥር ይበቅላል።

ይሁን እንጂ ተክሉ በሰውና በእንስሳ ላይ ጉዳት አለማድረሱን የሚያስረዳ፣ በታወቀ ሥርዓት የተዘጋጀ ማስረጃ ተጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እንዶድ ዓሣ ይገድላል፣ ዓይንም ያቃጥላል። አስቸጋሪው ሥርዓቱ ነበር። «መልካም የላቦራቶሪ አሠራር» የተባለው ደንብ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው፣ ለኩባንያዎች የሚሠሩ አንዳንድ የምርመራ ቤቶች ውጤት ሲያጭበረብሩ በመገኘታቸው ነው። በደንቡ መሠረት የእያንዳንዱ መሣሪያ ልክ መረጋገጥ፣ እያንዳንዱ መዝገብ መፈረምና መጠበቅ፣ ሥራውም ከተመራማሪዎቹ ውጪ በሆነ ክፍል መመርመር አለበት። ሌሎች ባጠፉት ጥፋት የወጣው ደንብ ሂሳቡ ለአዲስ አበባም ደረሰ ማለት ይቻላል።

የኬሚካል ኩባንያ ይህን ወጪ በሸቀጡ ዋጋ ላይ ጨምሮ ይመልሰዋል። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ኢንስቲትዩት ግን የሚሸጠው የለውም፤ ማንም ከአጥሩ ለሚለቅመው ፍሬ ገንዘቡን የሚያፈስ ነጋዴም አይገኝም። ለምርምሩ በጀት ተይዞ ለማረጋገጫው አለመያዙ፣ ድልድይ ሠርቶ የጭነት መፈተኛውን ሂሳብ እንደ መርሳት ይቆጠራል። በመጨረሻ ወጪውን የሸፈነው የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ነበር። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ፣ የደኅንነቱ ጥናት ገና አልታተመም ነበር። የታተመው በ1991፣ ማለትም ከግኝቱ 27 ዓመት በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ የለጋሾች ዓይን ፕራዚኳንቴል ወደተባለው ኪኒን ዞሮ ነበር። እርግጥ ቀንድ አውጣዎች ተመልሰው ስለሚራቡ እንዶድም በየጊዜው መጨመር ነበረበት። ኪኒኑ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ወንዙን አይነካም፤ የዋጠው ልጅም በማግስቱ ወደዚያው ውኃ ይወርዳል።