ባትሪ የገባለት ጋያ

ሰሞኑን ሮማናት አካባቢ አንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ከጎኔ የነበረ ወጣት ስልኩን አዙሮ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ፈረንጅ በመዳፉ የምትያዝ፣ ከላይዋ ብርጭቆ የተሰካባት መሣሪያ ይዞ ያወድሳታል። ቁልፉን ይጫናል፣ መብራት ይበራል፣ ይስባል፣ ነጭ እንፋሎት ያወጣል።

«ሓወይ፣ ይሄ እኮ እንደ ሺሻ አይደለም። ከሰል የለ፣ ጭስ የለ። ውኃው ያጣራዋል» አለኝ።

ማዶ የተቀመጡ አንድ አባት ሰምተውታል። «ይሄ ሁሉ ከውጭ የመጣ ጉድ ነው። አገራችን አታውቀውም። በአፄ ዮሐንስ ጊዜ ቢሆን ከንፈር ነበር የሚቆረጠው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱ ንግግር ከጭንቅላቴ አልወጣም። አንዱ ዕቃው አዲስ ስለሆነ አይጎዳም ይላል፤ ሌላው አዲስ ስለሆነ የእኛ አይደለም ይላሉ። የሚስማሙበት ነገር ቢኖር አዲስነቱ ላይ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። በቪዲዮው የታየው ፑፍኮ ፒክ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በ2018 ገበያ ላይ ሲውል ዋጋው 380 ዶላር ነበር። ታች ባትሪ አለው፣ ከዚያ በላይ የሚሞቅ የሴራሚክ ጽዋ፣ ከሁሉ በላይ ውኃ የሚይዝ ብርጭቆ። በ20 ሰከንድ ገደማ ይሞቃል፤ አራት የሙቀት ደረጃዎች አሉት፣ ከ232 እስከ 316 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ጽዋው ውስጥ የሚገባው ቅጠል አይደለም። ኮንሰንትሬት የሚሉት፣ ከካናቢስ ተክል ተነጥሮ የወጣ፣ ሰም ወይም ማር የመሰለ ቅባት ነው። በዕቃነቱ ብቻ ከመዘንኩት በደንብ የተሠራ ነው፤ ሙቀቱን መቆጣጠሩ ከእሳት ጋር ከመታገል ይሻላል። አንድ ጉድለት አለበት፦ ቻርጅ ይፈልጋል። መብራት በጠፋባቸው በእነዚያ የጦርነት ወራት ስልኩን ለማስሞላት መቀሌን ሲዞር የከረመ ሰው ይህን ጉድለት በቀላሉ አያየውም።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ፣ ወደ ጣና።

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር ክፍለ ሀገር፣ የላሊበላ ዋሻ የሚባል ቦታ አለ። ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ ጋር እንዳታምታቱት፤ ስም እንጂ ቦታ አይጋሩም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች አርኪዮሎጂስት ቆፈረችው። ዋሻው በአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ዘንድ የሚታወቀው ይበልጡን በእህሉ ነው። 2,500 ዓመት ገደማ የሆናቸው የገብስና የሽምብራ ቅሪቶች ተገኝተውበታል። ለእኛ ጉዳይ ግን የሚያስፈልጉን ከላይኛው ንብርብር የወጡ ሁለት የሸክላ ማጨሻ ጽዋዎች ናቸው።

ኒኮላስ ቫን ደር መርዌ የተባለ ተመራማሪ በጽዋዎቹ ውስጥ ተጣብቆ የቀረውን ጥቀርሻ በኬሚካል መረመረው። ውጤቱን በ1975 አሳተመ። ጥቀርሻው የካናቢስ ነው። የንብርብሩ ዕድሜ በራዲዮካርቦን ሲለካ 1320 ዓ.ም. ገደማ፣ 80 ዓመት ወደፊት ወይም ወደኋላ። ማለትም መሐሉን ከያዝን የአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ነው። ጽዋዎቹም የውኃ ማጨሻ፣ ማለትም የጋያ፣ ክፍል እንደነበሩ ደምድሟል።

ጋያን ያላየ አንባቢ ካለ፦ ውኃ የያዘ ቅል፣ ከላዩ የሸክላ ጽዋ፣ ከጎኑ የሚሳብበት መቃ። ከፈረንጁ ዕቃ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ጽዋ ለጽዋ፣ ውኃ ለውኃ፣ መሳቢያ ለመሳቢያ። የተቀየረው ፍሙ ነው፤ በእሳት ፋንታ ባትሪ ገባ።

የዚህ ግኝት ክብደት የሚገባን ትምባሆን ስናስብ ነው። ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ኮሎምበስ በ1492 ባሕሩን ከማቋረጡ በፊት በዚህኛው የዓለም ክፍል አልነበረም። ሺሻን የፈለሰፈው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የህንዱ ንጉሥ የአክባር ሐኪም ነው የሚለው ወሬም በሰፊው ይነገራል። የጣናው ጽዋ ከሁለቱም ይቀድማል። ከዚህ ተነስተው፣ በውኃ ማጨስ የአፍሪካ ፈጠራ ሳይሆን አይቀርም ብለው የተከራከሩ የታሪክ ሰዎች አሉ።

እኔ እዚህ ላይ ጥንቃቄ አደርጋለሁ። ሸክላ በራሱ በራዲዮካርቦን አይለካም፤ የሚለካው አብሮት የተገኘው ነገር ነው። ዕቃ ደግሞ ከንብርብር ወደ ንብርብር ሊንሸራተት ይችላል። የ1970ዎቹ የኬሚካል ምርመራም የዛሬውን ያህል የረቀቀ አልነበረም። ሁለት ጽዋ ሁለት ጽዋ ነው፤ «ፈጣሪዎቹ እኛ ነን» ብሎ ደረት ለመንፋት አይበቃም። በአገራችን አንድ ነገር ቀድመን አገኘን ከተባለ ማጣሪያ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል። ቢሆንም ግን «አገራችን አታውቀውም» ለማለት ከባድ ያደርገዋል። ጋንጃን ወደ ኢትዮጵያ ያመጡት ራስ ተፈሪያን ናቸው የሚለውም ወሬ እዚሁ ይወድቃል። ሻሸመኔ ላይ መሬት የተሰጣቸው በ1948 ነው፤ ከጣናው ጽዋ ጋር ያለው ርቀት ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ነው።

ወደ አባታችን ክርክር ልምጣ። ስለ አፄ ዮሐንስ ያሉት ልክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው ነበር፤ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸው በታሪክ ተጽፏል። ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ የሠራላቸው ቤተ መንግሥት እዚሁ መቀሌ ውስጥ አለ፤ ከሮማናት በእግር ይደረሳል። ግን ክልከላው ከእሳቸው ዘመን ብዙ አልተሻገረም። ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ትምባሆ መሸጥ የመንግሥት ብቸኛ ሥራ ሆነ። ኒያላ ሲጋራ ያልሸጠ ሱቅ የቱ ነበር? በ2016 ደግሞ መንግሥት ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን ለጃፓን ቶባኮ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት ድርሻው በሌላ 434 ሚሊዮን ዶላር ወደ 71 በመቶ ገደማ አደገ። ገንዘቡ ከገባ በኋላ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጣ፤ ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከለከለ፣ ለትምባሆ ግዢ ዝቅተኛውን ዕድሜ 21 አደረገ። አዋጁ መጥፎ ነው አላልኩም። በአፍሪካ ከጠንካሮቹ አንዱ ነው። ቅደም ተከተሉን ብቻ ልብ በሉልኝ።

ስለዚህ አባታችን ከንፈር የመቁረጡን ታሪክ ያስታውሳሉ፤ ያልሠራ መሆኑን ግን አይጨምሩም።

ወጣቱስ? የእሱ ስህተት የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የሚተነፍሰው እሱ ነው። «ውኃው ያጣራዋል» የሚለው እምነት ራሱ ጋያን ያህል ያረጀ ነው። ውኃ ያቀዘቅዛል፤ ጉሮሮ አይለበልብም፤ ስለዚህ ሰውየው ጠልቆና ረዝሞ ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ አንድ ሰው በአንድ የሺሻ ቆይታ የ100 ወይም ከዚያ በላይ ሲጋራ ያህል ጭስ ሊስብ እንደሚችል ገልጿል። ያ ሁሉ በውኃ ውስጥ አልፎ ነው።

ከባዱ ልዩነት ግን ጽዋው ውስጥ ያለው ነው። በዓምደ ጽዮን ዘመን የነበረው ሰው የሚያጨሰው ቅጠልና አበባ ነበር። አእምሮን የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በ1995 በተያዘ ካናቢስ ውስጥ መጠኑ 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ15 በመቶ አልፏል። ለዚህ ዕቃ የሚዘጋጀው ኮንሰንትሬት ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 በመቶ ነው። ጠላና ንጹህ አልኮል አንድ አይደሉም፤ ሁለቱም በብርጭቆ መቅረባቸው አንድ አያደርጋቸውም።

ሙቀቱም የራሱ ጣጣ አለው። በ2017 የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ለቅባቱ ሽታና ጣዕም የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች በከፍተኛ ሙቀት ሲነድዱ ቤንዚንን የመሰሉ መርዞች እንደሚወጡ አሳይተዋል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር መርዙም ይጨምራል። ጭስ የለም ማለት መርዝ የለም ማለት አይደለም። ቅባቱ ውስጥ የተቀላቀለውስ? በ2019 አሜሪካ ውስጥ በቬፕ ምክንያት የሳንባ ሕመም ተቀሰቀሰ። እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰው ሆስፒታል ገባ፣ 68 ሰው ሞተ። ዋናው ተጠርጣሪ በጥቁር ገበያ የካናቢስ ዘይት ላይ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ቅባት ነበር። ያ የሆነው ላቦራቶሪና ተቆጣጣሪ በሞላበት አገር ነው።

በእኛ አገር ካናቢስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 የተከለከለ ነው። ሕጉ የዓምደ ጽዮንን ዘመን ቅጠልና 90 በመቶውን ቅባት አይለይም፤ ሁለቱም ዕፅ ናቸው። የሺሻ ቤት ፍተሻም እንዲሁ ነው፤ ዕቃው ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ልጁ ነገ ሌላ ቤት ይገኛል። ከጦርነቱ በኋላ ሥራ አጥቶ የሚውል፣ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው ወጣት በዚህች ከተማ ስንት እንደሆነ ዙሪያችንን ማየት ይበቃል። እነዚህን ልጆች «የፈረንጅ ጉድ ነው» ብለን ስናስፈራራቸው ስልካቸውን አውጥተው የፈረንጁን ቪዲዮ ያሳዩናል። የመድኃኒቱን መጠን፣ የሙቀቱን ነገር፣ የቅባቱን ምንጭ የሚነግራቸው ግን ሻጩ ብቻ ነው።

ወጣቱን «የሚገባበት ቅባት ከየት ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ዋጋውን ብቻ ነው የነገሩኝ» አለኝ።

አባታችን በዚህ መሐል ወንበራቸውን አስጠግተው «እስኪ መልሰህ አሳየኝ» አሉት። መነጽራቸውን አድርገው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አዩት። በወታደርነት ባሌ በነበሩበት ጊዜ እናቶች ማታ ማታ ደጃፍ ተቀምጠው ሲያጨሱ ያዩትን አስታወሱ። ጣታቸውን ብርጭቆው ላይ፣ ከዚያ ጽዋው ላይ አሳረፉ።

«ወይ ጉድ» አሉ፤ «ይሄማ ጋያ ነው።»