ጀርባውን ለሐይቅ የሰጠ ቤት

እኔ የሐርቡ ልጅ ነኝ። ሐርቡ ቆላ ናት፤ ቦርከናን እንጂ ሐይቅ አታውቅም። በልጅነቴ ኮምቦልቻንና ደሴን አልፈን፣ ሐይቅ ወደሚገኘው የአያቴ ቤት በሄድን ቁጥር ከመኪና ወርጄ የምሮጠው ወደ ውሃው ነበር። የአያቴ ቤት ግን ከውሃው ጋር የተጣላ ይመስል ነበር። ክብ የድንጋይ ቤት ነው። መስኮት የለውም። አንድ በሩ የሚከፈተው ወደ ምዕራብ፣ ወደ መንገዱና ወደ ተራራው ነው። ያ ሁሉ ሰማያዊ ውሃ ከጓሮ ቀርቷል።

«እምዬ፣ በሩ ለምን ወደ ሐይቁ አልሆነም?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«ውሃ ይቀዳል እንጂ ምኑ ይታያል ልጄ?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

መልሷ ለዓመታት አሳቀኝ። ታሪክ ማንበብ ስጀምር ግን ሳቄ እየቀነሰ መጣ።

ከአያቴ ቤት ብዙም ሳይርቅ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። ዛሬ በእግር ይገባበታል፤ ቀድሞ ግን ደሴት ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደዚያ ሲመጡ፣ የውሃው ጥቅም መለየቱ ነበር፤ ከዓለም የሚለይ፣ ሳይጠሩት የማይመጣበት አጥር። መጻሕፍቱ የተጻፉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት የተማሩት ከዚያ አጥር ወዲያ ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. በዚያ ያለፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም መነኮሳቱ በደንገል ታንኳ ሲሻገሩ እንደነበር ጽፏል። ብዙ ሳይቆይ፣ በ1530ዎቹ መባቻ፣ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ከዳርቻው ደረሰ። ውሃ የታመነ አጥር ቢሆንም ታንኳ ለሚያስር ሰው አጥር አይደለም። እንግዲህ ከዚያ ዳርቻ ለተወለደ ሰው፣ ከሐይቅ የሚመጣ ነገር ሁሉ ውብ ነው ብሎ በሩን ወደዚያ እንዲከፍት ማን ይመክረዋል?

ውሃን ቁልቁል ማየት የነገሥታት ነገር ነበር። እንፍራዝ አጠገብ ካለው ኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብ፣ በ1563 ነግሠው በ1597 እ.ኤ.አ. ያረፉት የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል። ከዚያ ሆኖ ጣናንና ሜዳውን ባንድ ዓይን መያዝ ይቻላል። ዐፄ ሱስንዮስም በ1610ዎቹ ጎርጎራ ላይ፣ ወደ ጣና በገባች ምድር፣ በኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ መሪነት ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት አሠሩ። ሰገነት ላይ የሚወጣ ንጉሥ የሚያየው ማዕበሉን ብቻ አይመስለኝም፤ ማን እንደሚመጣ፣ ከወዴት እንደሚመጣም ነው። ወታደርና ዘበኛ ያለው ሰው ነው በሰገነት የሚቆም። (ፓኤዝ በ1622 እ.ኤ.አ. ጎርጎራ ላይ ሞተ፤ ከጎርጎራ ሕንፃዎች ዛሬ የቀረው ፍርስራሽ ነው።)

አያቴ ዘበኛ አልነበራትም። የነበራት የጭድ ክምር፣ ሁለት ላሞችና የወባ ፍራቻ ነበር። ዓሣውም ቢሆን ለእሷ ዘመን አዲስ ነገር ነው፤ ቀረሶ ወደ ሐይቅ የገባው በሰው እጅ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አካባቢ ነው። ታዲያ ሲሳይዋ በመንገዱና በማሳው በኩል ነበር፤ እንግዳም፣ መርዶም፣ ገበያም የሚመጣው በዚያው ነው። በሩ የሚያየው የሚጠበቀውን ነበር።

ይህን ሁሉ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። አያቴ ካረፈች ቆየች። የአጎቴ ልጅ ቦታው ላይ አዲስ ቤት ሊሠራ ነው፤ ፕላኑን በስልክ ላከልኝ። በሐይቁ በኩል ያለው ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስተዋት ነው። የድንጋዩ ቤት ይፈርሳል፤ ድንጋዩ ለመሠረት ይሆናል ይላል። «ምን ትላለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩን ይዤ ብዙ ተቀመጥሁ። ልክ ነህ እንዳልለው የምዕራቡ በር ታየኝ፤ ተሳስተሃል እንዳልለው ከመኪና ወርዶ ወደ ውሃው ይሮጥ የነበረው ልጅ እኔው ነኝ።

በመጨረሻ የጻፍሁለት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከማፍረስህ በፊት፣ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጠህ አንድ ከሰዓት ወደ መንገዱ እይ።

እስካሁን አልመለሰልኝም።