መግፋት

«ገፋ» የሚለው ግስ ከግዕዙ «ገፍዐ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ግዕዙ መበደልንና መጨቆንን የሚያመለክት በመሆኑ፣ «ግፍ» እና «ግፉዕ» የሚሉት ስሞች የእጅን ሥራና የነፍስን በደል በአንድ ሥር አስተሳስረው እስከ ዛሬ ይኖራሉ። ይህን ዝምድና ከአሜሪካ ፉትቦል ዳኞች ሥራ ይልቅ አጉልቶ ያሳየኝ የለም።

በዚያ ጨዋታ ኳስ ተቀባዩ ሲሮጥ ተከላካዩ ከጎኑ ተለጥፎ ስለሚከተለው፣ መነካካታቸው የማይቀር ነውና፣ ሕጉ ንክኪን ሁሉ በደል አላለውም። ዳኛው አተኩሮ የሚመለከተው ክርንን ነው፤ የተቀባዩ መዳፍ በተከላካዩ ደረት ላይ ዐርፎ ክርኑ እንደ ታጠፈ ቢቆይ ዝም ይላል፤ ክርኑ ተዘርግቶ በሁለቱ መካከል አስቀድሞ ያልነበረ ክፍተት ቢፈጠር ግን ቢጫውን ጨርቅ ይወረውራል፤ ዋናው ዳኛም ሁለት መዳፎቹን ከትከሻው ወደ ፊት ገፋ አድርጎ በደሉን በምልክት ያውጃል። ቅጣቱ በሙያተኞቹ ሊግ በኤን.ኤፍ.ኤል. 10፣ በኮሌጆች 15 ያርድ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

አንባቢ እንዳይሳሳት፣ «ሕገ ወጥ ንክኪ» የሚባለው ሌላ ነው፤ እርሱ በኤን.ኤፍ.ኤል. ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከ5 ያርድ በኋላ ተቀባዩን ለሚያውክ ተከላካይ የተሰጠ ስም ነው። የተቀባዩ ጥፋት ስሙ መግፋት ይሁን እላለሁ። በዚሁ ሊግ ተከላካዩ ኳስን በመቀበል ሂደት ጣልቃ እንዳይገባ የሚከለከለው ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ከወጣ ጀምሮ ሲሆን፣ ተቀባዩ ግን ጨዋታው ከተጀመረባት ቅጽበት አንሥቶ ይከለከላል፤ ይህም ፍትሐዊ ይመስለኛል፣ የሚሮጥበትን መንገድ አስቀድሞ የሚያውቀው ተቀባዩ ብቻ ነውና።