ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቃል

የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ታሪኩን በስሙ ይናገራል፤ በ19ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከአውስትራሊያ ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው። የደረሰውም መናገሻይቱ የጥዱን ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ጨርሳ በተጨነቀች ጊዜ ነበር። ዛሬ ኮረብታውን የሚመለከተውን ሕግ ወደ ኋላ የሚፈትሽ ሰውም እንዲሁ ባሕር የተሻገረ ዘር ያገኛል።

ዘሩን በውል መዛግብት ውስጥ ብቻ የፈለገ ግን ይደክማል። በ1984 ዓ.ም. መንግሥታት በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ሲሰበሰቡ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ለፊርማ ቀረበ፤ ኢትዮጵያም በ1986 ዓ.ም. አጸደቀችው። በደን ጉዳይ ግን ውል ማሰር አልተቻለም። ብዙ ታዳጊ አገሮች «በገዛ ዛፋችን ማን ያዝብናል?» የሚል ስጋት ነበራቸው። በውል ፈንታ የወጣው የደን መርሆዎች ሰነድ ገና ከርእሱ በሕግ እንደማያስገድድ ይናገራል። 27 መርሆዎች ያሉት የሪዮ መግለጫም አስገዳጅ ውል አይደለም። የሕግ ሊቃውንት ይህን መሰሉን «ለስላሳ ሕግ» ይሉታል። ውሎው ፊርማና ማኅተም ማመሳከር ለሆነ እንደ እኔ ላለ የባንክ ሰው፣ ያለ ዋስ የተሰጠ ብድር ይመስላል፤ መመለሱ በተበዳሪው ኅሊና ላይ የቆመ።

ምርመራው የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው። በ1964 ዓ.ም. የወጣው የስቶክሆልም መግለጫ የመጀመሪያ መርሆ ሰው በክብር ሊኖርበት ስለሚገባው አካባቢ ይናገራል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ደግሞ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ መኖርን መብት ያደርጋል። የሪዮ 10ኛ መርሆ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ዜጎች ይሳተፉ ይላል፤ አንቀጽ 92ም ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይገልጻል። መንትያ ያህል ይመሳሰላሉ።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ዓመታት፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው በዚያ ቁልቁለት ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች ነበሩ። የማን ቃል ይጠብቃቸዋል? አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ኑሮው ለተነካ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ አማራጭ እንዲሰጠው ይደነግጋል፤ የቆመውም በመብቶች ምዕራፍ ውስጥ ነው። አንቀጽ 92 ግን የተቀመጠው ከፖሊሲ ዓላማዎች መካከል ነው፤ አገሩ ገብቶም ልስላሴው አልለቀቀውም። ያጠነከረው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ነው። እርሱም የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ በተለይም ፕሮጀክቱ የሚነካው ማኅበረሰብ የሰጠው አስተያየት በሪፖርቱ እንዲካተት ያዛል።