ጓሳ፦ ሕዝብ የሚዘጋውና የሚከፍተው የመንዝ ሣር ምድር

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኘው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ደንብ አውጥቶ ከሚጠብቃቸው የአገራችን የተፈጥሮ ሀብቶች መካከል በዕድሜ አንጋፋው ከሚባሉት አንዱ ነው። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የአባይና የአዋሽ ተፋሰሶች የሚለያዩበት ተረተር ነው።

የቄሮ ሥርዓት

ጓሳ ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይውላል፤ በድርቅ ጊዜም የከብትና የበግ መጠባበቂያ ግጦሽ ነው። ይህን ሀብት ለመጠበቅ አባቶች በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ቄሮ» የተባለ ሥርዓት እንደዘረጉ ይነገራል። መሬቱ አስቦና ጌራ በተባሉ አቅኚ አባቶች ስም ለሁለት ተከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ላይ በተጠቃሚዎች የሚመረጥ አለቃ ይሾም ነበር።

አሠራሩ ግልጽ ነበር። መሬቱ አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ መድረሱ ሲረጋገጥ የሚከፈትበት ቀን ለሕዝብ ይነገራል። በቅድሚያ ሣር ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብት ይገባል፤ ከዚያም ማገዶ ይለቀማል። ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል። ደንቡን የጣሰ ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

መፍረስና መመለስ

የመጠቀም መብቱ ከርስት ጋር የተሳሰረ ስለነበር፣ የአቅኚዎቹ ተወላጅ ያልሆነ ሰው ከተጠቃሚነት ውጭ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ ይህ መሠረት ፈረሰ። በሩ ለብዙዎች ተከፈተ፤ ነገር ግን የሚዘጋው አልነበረም። ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ፤ ግጦሹ በዛ፤ እርሻም ወደ ላይ ገፋ።

በኋላ ነዋሪዎች ከየቀበሌው በተወከሉ ሰዎች የሚመራ አስተዳደርና መተዳደሪያ ደንብ አቋቋሙ። የክልሉ መንግሥትም ሥፍራውን በማኅበረሰብ ጥብቅነት ዕውቅና ሰጠው። ከቀድሞው ሥርዓት የተወሰደው መዝጋትና መከፈት ነው፤ የተተወው በዘር ሐረግ መገደብ ነው።

ሣሩ ሲመለስ የሚመለሱት

በሣሩ ሥር የዱር አይጦችና ፍልፈል ይራባሉ። እነርሱን አድኖ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም ዓለም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት በመላ አገሪቱ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ሣር የሚግጠው ጭላዳም እንዲሁ የአገራችን ብቻ ነው። ጅብራና አስታም በዚሁ ደጋ ይበቅላሉ። ሥር የሰደደው ሣር ዝናቡን ይዞ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ፣ ከሥር ላሉ ገበሬዎች ምንጭ በበጋ እንዳይነጥፍ ያግዛል።

ለጎብኚው

ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ በጓሳ ውስጥ ያልፋል። ማኅበረሰቡ ለእንግዶች ማረፊያ ሠርቷል። ሥፍራው በእግር የሚታይ ነው፤ የሚሄዱ የከተማ ነዋሪዎች የሚከተሉትን ቢያስተውሉ መልካም ነው፦

– ከጉዞ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ፤ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ስለሆነ ወፍራም ልብስ መያዝ፤
– በአካባቢው አስጎብኚ መመራት፤ ክፍያው ለጠባቂው ሕዝብ ይደርሳልና፤
– ውሻ ይዞ አለመግባት፤
– ለጭላዳም ሆነ ለሌላ አውሬ ምግብ አለመስጠት።

ለገበሬው

ለቀይ ቀበሮ ከትልልቆቹ ስጋቶች አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻን ማስከተብ ቤተሰብን፣ ከብትንና ቀበሮውን በአንድ ጊዜ ይጠብቃል።

የተራቆተ ተራራ ከልለው ለማስመለስ ለሚያስቡ ቀበሌዎችም ጓሳ ትምህርት ይሰጣል። አጥር ብቻውን አይበቃም። ወሰኑ የታወቀ፣ ተጠቃሚው የተለየ፣ የሚከፈትበት ጊዜ የተቆረጠ፣ ቅጣቱም ለሁሉ እኩል መሆን አለበት። መቼ እንደሚከፈት ያልተነገረው ገበሬ የተዘጋውን መሬት እንደተወሰደበት ይቆጥረዋል፤ መሬት የሌለው ወጣትም ከሣሩ ድርሻ ካላገኘ የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖረውም።